ሁለቱ ይሁዳዎች

የሚጠናው ክፍል፦ ዘፍጥረት 37፥12-36፤ 42፥21-24፤ 44፥18-34፤ ማቴዎስ 27፥3-5



ጅቡቲ ከተማ ለእኛ ለደገኞች የባሕር በር ናት። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ወርደዋል። በዘመናችንም በየዓመቱ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን በረሃውን አቋርጠው በዚያ አገር ያልፋሉ። አንዳንዶች በከተማይቱ የቀን ሥራ እየሠሩ ይሰነብታሉ፤ ሌሎች ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ከኦቦክ አካባቢ፣ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ወደ ጅቡቲ ጠረፍ በቀረቡ ጊዜ አሻጋሪዎቹ መንገደኞቹን ወደ ባሕር እንዲዘሉ አስገደዱአቸው፤ ቢያንስ 45 ነፍሳት ጠፉ።

እንዲህ ያለው በደል ግን መነሻው ባሕር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመንደር፣ ወጣቱን በተስፋ ቃል ከሚያባብል ከገዛ አገሩ ደላላ ነው።

ዮሴፍንም የሸጡት ባዕዳን አልነበሩም። ይሸጥ ብሎ የመከረው ወንድሙ ይሁዳ ነበረ፤ ዋጋውም 20 ብር ነበረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድማማቾቹ በግብፅ በተጨነቁ ጊዜ የዮሴፍ ልመና ትዝ አላቸው። ብሩ አልቆ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ከጆሮአቸው አልጠፋም። ኅሊናን እንዲህ የሚወቅስ የእግዚአብሔር ሕግ ነው።

ሌላው ይሁዳ፣ አስቆሮቱ፣ ጌታውን በ30 ብር ሸጠ። እርሱም ተጸጸተ፤ በደሉን ተናገረ፤ ብሩንም መለሰ። ነገር ግን ወደ ሸጠው ጌታ አልተመለሰም፤ ብቻውን ሄዶ ጠፋ። እንግዲህ ጸጸት ብቻውን አያድንም።

የያዕቆብ ልጅ ይሁዳ ግን በዮሴፍ ፊት ቆሞ ስለ ብንያም ራሱን ለባርነት አቀረበ። ወንድሙን የሸጠው ሰው ለወንድሙ ዋስ ሆነ። ይቅርታውን በዚህ ገዛን? አልገዛም። ዮሴፍ ይህን ሳይሰማ አስቀድሞ ስለ እነርሱ ፈቀቅ ብሎ አልቅሶ ነበር። ክርስቶስም እኛ ሳንለምነው ስለ ኀጢአታችን ሞቶአል።

ስለዚህ ከመካከላችን ወጣት ለደላላ ያሳየ፣ ከዚያም ገንዘብ የተቀበለ ቢኖር፣ መባ በመጨመር በደሉን እሸፍናለሁ አይበል። በእግዚአብሔር ፊት ይናዘዝ፤ በክርስቶስ ስም የሚነገረውንም ሥርየት በእምነት ይቀበል። ከዚያም ወደ ልጁ ወላጆች ይሂድ፤ የሚያውቀውን ሳይሸሽግ ይንገራቸው፤ እንደ ዘኬዎስም የወሰደውን ይመልስ። ይህ የይቅርታ ዋጋ ሳይሆን ፍሬው ነው። እኛም ልጃቸው የቀረባቸውን ወላጆች፣ ቶሎ ይቅር በሉ ብለን አናስጨንቃቸው፤ ከእነርሱ ጋር እናልቅስ እንጂ።

ለውይይት፦
1. የሁለቱ ይሁዳዎች ጸጸት በምን ይለያል?
2. ከመንደራችን ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ልጅ አለን? ስለ እርሱ የምናውቀውን ለወላጆቹ ነግረናልን?