ጦርነትን የሚከፍል ማን ነው?
ስለ ዕዳ፣ ስለ ብሔራዊ ባንክና ስለ ከፋዩ የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

የጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አዝማቹ፣ ስለ ዘማቹና ስለ ድሉ ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ሒሳቡ የሚጽፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ወታደር ስንቅ ይበላል፤ መኪና ነዳጅ ይጠጣል፤ ጥይትም ዋጋ አለው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም። እንግዲህ ጥያቄያችን፦ ከፋዩ ማን ነው? ሲከፍልስ ተጠይቆ ነውን? የሚል ነው። ጥያቄውን ለኢኮኖሚክስ ክፍል ተማሪዎች ብቻ መተው አይገባም፤ ሕግ፣ እርሻም ሆነ ታሪክ የሚማረው ተማሪ ሁሉ ከከፋዮቹ አንዱ ነውና።

ሀ. ሦስቱ በሮች

መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ግብር ነው። ግብር በአዋጅ ይጣላል፤ ከፋዩም ስንት እንደ ከፈለ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ያጉረመርማል። ስለዚህ መንግሥታት ጦርነትን በግብር ብቻ ለመክፈል አይደፍሩም።

ሁለተኛው ብድር ነው። የተበደረው መንግሥት ዛሬ ያወጣል፤ የሚከፍለው ግን የነገው ግብር ከፋይ ነው። ይህ የነገው ከፋይ ብድሩ ሲፈረም ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ገና አልተወለደም፤ ስለዚህም አያጉረመርምም።

ሦስተኛው ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንኩ ለመንግሥት በቀጥታ ሲያበድር ከሌላ ሰው ኪስ የወሰደው ገንዘብ የለም፤ በመንግሥት ሒሳብ ላይ አዲስ ቁጥር ይጽፋል እንጂ። መንግሥትም በዚያ ቁጥር ደመወዝ ይከፍላል፤ ዕቃ ይገዛል።

የሦስተኛውን በር ነገር በምሳሌ እንመልከተው። በጂንካ ገበያ 100 ኩንታል በቆሎ ቀረበ እንበል፤ በገዢዎች ሁሉ እጅ ያለው ገንዘብም 300,000 ብር ነው። አንዱ ኩንታል 3,000 ብር ይሸጣል ማለት ነው። አሁን ባንኩ አዲስ 100,000 ብር ቢጨምርና በቆሎው ያው 100 ኩንታል ቢሆን፣ ውሎ አድሮ የኩንታሉ ዋጋ ወደ 4,000 ብር ይወጣል። አዲሱን ብር በመጀመሪያ የያዘው የመንግሥት ዕቃ አቅራቢ ገና በ3,000 ብር ገዝቷል። ፍየሉን ሸጦ በዚያው ዕለት በቆሎ ገዝቶ የሚመለሰው የሐመር ሰውም የፍየሉ ዋጋ አብሮ ስለሚወጣ ጉዳቱ ይቀልለታል። በወር ደመወዝ የሚኖረው መምህርና በተቈረጠለት ገንዘብ የሚማረው ተማሪ ግን ከአራት ኩንታል አንዱን አጥተዋል። ማንም ግብር አልጠየቃቸውም፤ ደረሰኝም አልተሰጣቸውም፤ ነገር ግን ከፍለዋል።

ለ. በአሪ አገር የተከፈለው

በጂንካ ዙሪያ የሚኖረው የአሪ ሕዝብ የዚህን ጥያቄ አንድ መልስ ከአያቶቹ ወግ ያውቀዋል። የአፄ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይህን አገር ሲይዝ ለወታደሩ የሚከፈል በቂ ጥሬ ገንዘብ በግምጃ ቤት አልነበረም። ስለዚህ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበለት፤ የገባሩም ቁጥር እንደ ወታደሩ ማዕርግ ይለያይ ነበር። ገባሩ ያርሳል፣ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ ማርም ያመጣል። በዚያ ዘመን በብዙ ገበያ ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ስለ ነበረ፣ ጦርነትና ገንዘብ አንድ ነገር ሆነው ይታዩ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት ግፍ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ በሕግ ተሻረ። ነገር ግን አንድ ልናስተውለው የሚገባን ጠባይ ነበረው። ከፋዩ በስሙ ይታወቅ ነበር። ማን ለማን ምን ያህል እንደሚከፍል መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በዛሬው ዘመን ወታደሩ ደመወዙን በብር ይቀበላል፤ ብሩን ማን እንደ ከፈለው ግን ከባንክ መዝገብ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሐ. ባንክ ከጦርነት ጋር የተዋወቀበት

የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1694 የተቋቋመው ንጉሥ ሣልሳዊ ዊልያም ከፈረንሳይ ጋር ለሚዋጋው ጦርነት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለማበደር ነበር፤ ወለዱም ከመቶ 8 ነው። አበዳሪዎቹ በምላሹ ባንክ የማቋቋም መብት አገኙ። የጀርመን መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 የተደረገውን ጦርነት በአብዛኛው በብድርና በባንኩ ኖት ከፈለው፤ ብናሸንፍ የተሸነፈው ይከፍልልናል ብሎ ነበር። ተሸነፈ። ከዚያም የጦርነቱ ካሣና የሩር አገር መያዝ ተጨመረበትና በኅዳር 1923 እ.ኤ.አ. አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመ ጡረተኛ በቁጠባው አንድ ዳቦ መግዛት አልቻለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ባንክ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ባለቤትነት ነበረበት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት፤ ይህንንም የኢጣልያ ወረራ ዘጋው። ከነጻነት በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ የማዕከላዊ ባንክንና የንግድ ባንክን ሥራ አንድ ላይ ይዞ ቈየ፤ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተብለው ተለያዩ። የራሱ ባንክ የሌለው አገር ነጻነቱ ጐደሎ ነው፤ ስለዚህ ይህ ታሪክ የሚያኮራ ነው። ዳሩ ግን ባንኩ ከውጭ ሰው እጅ መውጣቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከገንዘብ ሚኒስቴሩ ፈቃድ መለየቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ገና አልተፈታም።

መ. በእኛ ዘመን

ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር፣ ከዚያም በኤርትራና በሰሜን ሲዋጋ መሣሪያውን በብዛት ከሶቪየት ኅብረት በብድር አመጣ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ሶቪየት ኅብረትም በዚያው ዓመት አካባቢ ፈረሰች። ዕዳው ግን አልፈረሰም። ለሩስያ ተላለፈ፤ አብዛኛው የተሰረዘውም ደርግ ከወደቀ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድኻ አገሮች የተሰጠውን የዕዳ ቅነሳ በሙሉ ያገኘችው በ1996 ዓ.ም. ነበር። ተበዳሪውም አበዳሪውም ከሞቱ በኋላ ዕዳ በሕይወት እንደሚኖር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመውም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡን በቅደም ተከተል እናንብበው። በጥር 2013 መንግሥት ዕዳው እንዲሸጋሸግለት በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ በኩል ጠየቀ። የ2014 በጀት 561.7 ቢሊዮን ብር ሆኖ ከጸደቀ በኋላ፣ በጥር ወር 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ተፈቀደ፤ ይኸውም ከመጀመሪያው በጀት ከአምስት እጅ አንዱን ይበልጣል። በዚያው ዓመት የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ሆነ። በ2015 ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር ከመቶ 20 ለሚሆነው የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ታዘዙ። በነሐሴ 2015 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ወደ ሦስተኛ እጅ እንደሚቀንስ አስታወቀ። መድኃኒቱን ያወቀ በሽታውንም አውቋል ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከ1 ቢሊዮን ዶላሩ ዩሮቦንድ ላይ ሊከፈል የሚገባው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለትም የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውጭው ዕዳ በዚያን ጊዜ ከ28 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ዕዳው በዶላር ሳይጨምር፣ ለመክፈል የሚሰበሰበው ብር ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ይህ ሁሉ በጦርነቱ ምክንያት ብቻ መጣ ማለት ስሕተት ይሆናል። ወረርሽኝ ነበር፤ ድርቅ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት የተቈለለ ዕዳም ነበር። የዚያ ዕዳ አንዱ ክፍል የተቈለለውም በደቡብ ኦሞ ነው።

ሠ. ዕዳ በኦሞ ዳር

በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ላይ የኦሞ ሸለቆ በስኳር ልማት እንደሚለወጥ ተናገሩ። ዕቅዱ 175 ሺህ ሄክታር ያህል አገዳ የሚለማበት ነበር፤ መሬቱም በቦዲ፣ በሙርሲና በአካባቢው ሕዝብ ግጦሽና እርሻ ላይ ያረፈ ነው። ገንዘቡ ከሁለት ወገን መጣ፤ ከቻይና ባንክና ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል ለአገር ሰጠ፤ የኦሞ ዳር ሕዝብ ማሽላ ይዘራበት የነበረው የወንዙ ዓመታዊ ሙላት ግን ቀረ።

ፋብሪካዎቹ በጊዜያቸው አልደረሱም፤ ብድሩ ግን ጊዜውን ጠብቆ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. የስኳር ኮርፖሬሽንና የሌሎች የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ለዚሁ ሥራ ወደ ተቋቋመ የዕዳና የሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተዛወረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ባንክን ቀዳዳ ለመድፈን ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ተፈቀደ። እንግዲህ የስኳሩ ዕዳ ከድርጅቱ ወደ ኮርፖሬሽኑ፣ ከኮርፖሬሽኑ ወደ ግምጃ ቤት፣ ከግምጃ ቤትም ወደ ግብር ከፋዩ ተሻገረ። የሙርሲው ከብት አርቢ በመሬቱ ከፈለ፤ የጂንካው ነጋዴ በግብሩ ይከፍላል። ሁለቱም ብድሩ ሲፈረም በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም። የዘመተ ጦር ሳይኖር የሒሳቡ አካሄድ ከጦርነቱ ጋር አንድ ዓይነት ሆኗል።

ረ. ከወሬ ስለ መጠበቅ

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነገር አንድ ቀላል ወሬ አለ፤ ጦርነትን ሁሉ የሚጀምሩት በስውር የተቀመጡ ባለ ባንኮች ናቸው ይላል። ተማሪ ይህን ሊቀበል አይገባውም። የ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ኤርትራ ናቅፋን ካወጣች ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሣ፤ የገንዘቡ ነገር ጠቡን አከረረው፤ ጦሩን ያዘመቱት ግን ስማቸው የታወቀ መሪዎች ናቸው። ባንክ በራሱ አይዘምትም። ባንክ የሚያደርገው የዘመተው ሰው ሒሳቡን ወዲያው እንዳያይ ማድረግ ነው። የወሬው ጉዳትም እዚህ ላይ ነው፤ በስውር ሰው እያሳበበ በግልጽ የፈረመውን ሰው ነጻ ያወጣዋል።

ሌላው ደግሞ፦ ጠላት ደጅ ሲደርስ ሒሳብ ይቈጠራልን? ይላል። ክርክሩ ሚዛን አለው። የተጠቃ አገር ማቄን ጨርቄን ሳይል መነሣት አለበት። ነገር ግን ዛሬ መቍጠር ያልቻለ ነገ ቈጥሮ ማሳየት ይችላል። ጦርነቱ ከቆመ በኋላም ሒሳቡ በሙሉ ለሕዝብ ካልተነበበ ምክንያቱ መቸኰል ነበር ማለት አይቻልም።

ብድርም በራሱ ክፉ አይደለም። ሰላም ባለበት ጊዜ ትምህርት ቤት የሚሠራ ብድር የሚጠቀምበትም የሚከፍለውም ያው ትውልድ ሊሆን ይችላል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚበደረውን ገንዘብ በገደብ ማጠሩም መልካም ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋር በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ በመርሕ ደረጃ የተደረሰው ስምምነትም እፎይታ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የአጥር ጥንካሬ የሚታወቀው ከብቱ ሲገፋው ነው። የሚቀጥለው ጭንቅ ሲመጣ አጥሩ ይቆማልን? ይህን የሚመልስ ሕጉ ብቻውን አይደለም፤ ሕጉን የሚያነብ ሰው መኖሩም ነው።

ስለዚህ በያመቱ በሰኔ በጀት ለምክር ቤት ሲቀርብ፣ ወይም አዲስ ዘመቻና አዲስ ፕሮጀክት በጭብጨባ ሲታወጅ፣ ሦስት ጥያቄ እናንሣ፦ ገንዘቡ በየትኛው በር ነው የሚገባው? የሚከፍለው ማን ነው፣ መቼስ ነው? ከፋዩ ተጠይቋልን? መልስ ሳይሰጠን ዕዳው ገብስ ነው የሚለን ቢኖር፣ ገብሱን የሚያጭደው ማን እንደ ሆነ ይንገረን።