«ገደፈ» እና «ፈሰከ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዐቢይ ጾም ከአፋችን የማይጠፉ ሁለት ግሶች አሉ፤ «ገደፈ» እና «ፈሰከ»። አንዳንዴ አንዱን በሌላው ቦታ እንናገራለን፤ ትርጉማቸው ግን በጣም ይራራቃል።

«ፈሰከ» ከፋሲካ የወጣ ነው። ፋሲካ፣ በዕብራይስጡ ፔሳሕ፣ ማለፍ ማለት ነው፤ እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት በዓል ነው (ዘፀ. 12)። ለእኛም ከሞት ወደ ሕይወት የተሻገርንበት የጌታችን ትንሣኤ ነው። ስለዚህ «ፈሰከ» ስንል 55ቱን ቀን ፈጽሞ፣ የትንሣኤን ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ከጾም ወደ ፍስክ በሥርዓት ተሻገረ ማለታችን ነው። ልብ በሉ! ወተቱና ሥጋው በባሕርዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጊዜው ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ፍስክ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

«ገደፈ» ግን በግእዝ ጣለ፣ ተወ ማለት ነው። የጽሑፍ ስሕተትንም «ግድፈት» እንላለን። ጾም ገደፈ ማለት ጊዜው ሳይደርስ ሕጉን ጣለ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን መለየት ምን ይጠቅማል? አንዳንዱ ሰው በጾሙ እኩሌታ ጓደኛው ይጋብዘውና ሥጋ ይቀምሳል። ከዚያ «አንዴ ገድፌያለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» ብሎ እስከ ፋሲካ ሲበላ ይከርማል። ይኼ ሰው ግድፈቱን በገዛ እጁ ፍስክ አደረገው! ፊደል ቢገደፍ መጽሐፉ ይታረማል እንጂ አይቀደድም። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ ነበር፤ ነገር ግን ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ እንጂ በዚያው አልቀረም (ማቴ. 26)። የገደፈ ሰው ዛሬውኑ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ ጾሙንም ይቀጥል። ታምሞ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ወተት የጠጣ ደግሞ «ገደፍኩ» ብሎ አይጨነቅ፤ ሕጉን አልጣለምና።

በመጨረሻም፣ የምንጾመው ከምግብ ብቻ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት እንደሆነ ያስተምረናል (ኢሳ. 58፥6)። ሥጋና ቅቤ የሚፈሰክበት ቀን ይመጣል። ቂም፣ ሐሜትና ስካር ግን ፍስክ የሚሆኑበት ቀን የላቸውም፤ የተሻገረ ሰው ወደ ግብፅ አይመለስም።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።