የማይታይ ስርቆት
ስለ ደራሲና ስለ ዘፋኝ ድካም የተጻፈ ትምህርት

የባልንጀራውን በሬ ከበረት ነድቶ የሚወስድ ሰው ሌባ እንደ ሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የባልንጀራውን መጽሐፍ ወይም ዘፈን ያለ ፈቃድ አባዝቶ የሚወስደውን ግን ብዙ ሰው ሌባ አይለውም፤ እርሱም ራሱን አይወቅስም። በሬው ሲወሰድ በረቱ ባዶ ይሆናል፤ መጽሐፉ ሲባዛ ግን የደራሲው መደርደሪያ እንደ ሞላ ይቀራል። ጉዳቱ ለዓይን ስለማይታይ ኅሊና ያንቀላፋል።

በዚህ ዘመን ያንቀላፋውን ኅሊና የሚቀሰቅስ አንድ ደብዳቤ አለ። በአሜሪካ፥ በካናዳና በሌላም አገር የሚኖር ሰው፥ ከጎጃምም ሄዶ በዚያ የሚሠራ ወይም የሚማር ወገናችን፥ በመስመሩ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ እንደ ተወሰደ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ኢንተርኔት ከሚያቀርብለት ኩባንያ ሊደርሰው ይችላል። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚኖር ተማሪ ግን የዚህን ደብዳቤ ወሬ ቢሰማ የሚሰማው ከባሕር ማዶ ከሚደውል ዘመዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አስቀድመን ደብዳቤው ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥለንም የደረሰው ሰው ሊያደርገው የሚገባውን፥ ከዚያም በኋላ ደብዳቤ በማይደርስበት ስፍራ የሚኖር ሰው እንዴት ሊመላለስ እንደሚገባው እንመለከታለን።

1ኛ፤ ደብዳቤው ምን እንደ ሆነ

አንድ ሰው ፊልም ወይም ዘፈን «ቶረንት» በሚባለው መንገድ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያወርድ፥ ሥራውን ከአንድ ጎተራ አይቀዳም፤ ከብዙ ሰዎች ቍራሽ ቍራሹን ይሰበስባል እንጂ። እርሱም በሚሰበስብበት በዚያው ጊዜ የሰበሰበውን ለሌሎች ያድላል። ስለዚህ «እኔ ተቀባይ ብቻ ነኝ» የሚል ሰው ሳያውቀው አከፋፋይ ሆኖ ይገኛል። ይህም ማደል በስውር የሚደረግ አይደለም፤ ተካፋዮቹ ሁሉ አንዱ የሌላውን የአይፒ አድራሻ ማየት ይችላሉ። የአይፒ አድራሻ ማለት ሰው ከኢንተርኔት ጋራ የሚገናኝበት መስመር የሚታወቅበት ቍጥር ነው።

የሥራው ባለቤቶች የሚቀጥሯቸው ሰዎች በእነዚህ ተካፋዮች መካከል ገብተው ቍጥሩን፥ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባሉ። ነገር ግን ቍጥሩ የማን እንደ ሆነ ስለማያውቁ ለኩባንያው ይጽፋሉ፤ ኩባንያውም መዝገቡን አይቶ መስመሩ በስሙ ለተመዘገበው ደንበኛ ደብዳቤውን ይልካል። ከዚህ አንድ ነገር እናስተውል፤ ደብዳቤው የሚያመለክተው ቤቱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። ጥፋቱን ያደረገው የቤቱ ጌታ፥ ወይም ልጁ፥ ወይም ተከራዩ፥ ወይም የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ያገኘ ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

ሥርዓቱ በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለኢንተርኔት ኩባንያዎች ከለላ ሲሰጥ፥ ደጋግመው የሚያጠፉትን ደንበኞች እንደ ነገሩ ሁኔታ የሚያሰናብት ደንብ እንዲኖራቸው ግዴታ አድርጎባቸዋል። ከ2013 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚያ አገር ያሉ ታላላቅ ኩባንያዎች እየበረታ የሚሄድ ማስጠንቀቂያ እስከ 6 ጊዜ የሚልኩበት ስምምነት ነበራቸው። በካናዳ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያው የባለመብቱን ማስታወቂያ ለደንበኛው እንዲያስተላልፍ ሕግ ያዝዛል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻም ገንዘብ የመጠየቅ ቃል በማስታወቂያው እንዳይገባ ሕጉ ተሻሻለ።

እንግዲህ ደብዳቤው ፍርድ አይደለም፤ ነገር ግን የሚናቅ ነገርም አይደለም። በአሜሪካ በሚኔሶታ የምትኖር አንዲት ሴት ስለ 24 ዘፈኖች ተከስሳ ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ፥ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. 222,000 ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። ይህም ለአንድ ዘፈን 9,250 ዶላር መሆኑ ነው። በነጻ የተገኘ የመሰለው ነገር ስንት እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

2ኛ፤ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሊያደርገው የሚገባ

ሀ) አስቀድሞ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ይመርምር። በዚህ ስም ገንዘብ የሚለቅሙ አጭበርባሪዎች አሉና፥ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ማገናኛ አይጫን፥ ገንዘብም አይላክ፤ ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ራሱ ወደ ኩባንያው ደውሎ ይጠይቅ።

ለ) ደብዳቤውን አንብቦ የሥራውን ስም፥ ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከት። ከዚያም ቤተ ሰዎቹን ሰብስቦ ያለ ቍጣ ይጠይቅ። በቍጣ የተጠየቀ ልጅ መዋሸትን ይማራል፤ በትዕግሥት የተጠየቀ ግን እውነቱን ለመናገር ድፍረት ያገኛል።

ሐ) ጥፋቱን ያደረገው እርሱ ራሱ ከሆነ ማውረዱንም ማደሉንም በዚያው ቀን ያቁም። በደሉን በተከራዩ ወይም በእንግዳው ላይ አይላክክ። ከዘፈኑ መወሰድ ይልቅ በንጹሕ ሰው ላይ የተጣለ ሐሰት ይከፋልና።

መ) ጥፋቱ የእርሱ ካልሆነ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይለውጥ፤ ማን ማን እንደሚጠቀምበትም ይወቅ። ክፍት የተተወ በር ሌባን ይጠራል፤ ነቀፌታው ግን ለባለቤቱ ይተርፋል።

ሠ) ከደብዳቤው አልፎ የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ፥ አንዳች ነገር ሳይሰርዝና ሳይፈርም ሕግ አዋቂ ያማክር። ዝም ማለትም መሸሽም አይረዳውም።

3ኛ፤ ደብዳቤ በማይደርስበት ስፍራ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከገጠር የመጣ ጐልማሳ በገበያ ቀን በርበሬውን ወይም በቆሎውን ሸጦ ወደ አንዲት ትንሽ ሱቅ ይገባና የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ይሰጣል፤ ባለሱቁም በጥቂት ብር ዘፈን ይሞላለታል። ገንዘብ ተከፍሏል፤ የተቀበለው ግን ያልዘፈነው ሰው ነው። ግጥሙን የጻፈው፥ ዜማውን ያወጣው፥ ድምፁን ያሰማው፥ በስቱዲዮ ሌሊቱን ያነጋው፥ ከዚያ ብር አንዲት ሳንቲም አይደርሳቸውም። ተማሪውም ልብ ወለዱን በቴሌግራም በፒዲኤፍ ተቀብሎ በአንድ ጊዜ ለክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ያስተላልፋል። ማንም አልከለከለውም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም አልመጣበትም። ታዲያ ደብዳቤ ባለመምጣቱ ሥራው ጽድቅ ሆነን?

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ከቍጥር 1647 ጀምሮ ደንግጓል። ቀጥሎም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሻለ። በአዋጁ መሠረት ሥራውን የማባዛትና የማሠራጨት መብት የደራሲው ነው፤ ይህም መብት ደራሲው በሕይወት ሳለ ለእርሱ፥ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይሆናል። ከገንዘቡም ሌላ ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠራ፥ ሥራውም ተጣሞ እንዳይቀርብ የመጠየቅ መብት አለው።

ለምሳሌ የጎጃምን ታላቅ ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን እናስብ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ የጎጃምን ባላባትና ገበሬ፥ የጎጃምንም ቅኔ ቤት ለአገሩ ሁሉ አሳየ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችል እንኳ አደመጠው። ደራሲው ያረፉት አዋጅ ቍጥር 410 በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 50 ዓመት ቢቈጠር 2046 ዓ.ም. ይሆናል። እንግዲህ በመጽሐፋቸው የምንመካ የጎጃም ልጆች፥ መጽሐፉን ያለ ፈቃድ አባዝተን ስናድል አክብሮታችን ምን ላይ ነው? ሰውን በአፍ አመስግኖ በእጅ መግፈፍ ምስጋና አይባልም።

4ኛ፤ ሰዎች የሚያመጡት ምክንያት

«ከባለቤቱ ምንም አልጎደለም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ስለ ወፍጮ ቤት ያስቡ። አንድ ሰው በሌሊት ገብቶ እህሉን ፈጭቶ ሳይከፍል ቢወጣ ድንጋዩ አልተወሰደም፥ መዘውሩም በስፍራው ነው። ነገር ግን ወፍጮውን የተከለው ሰው የሚኖረው ከሚፈጭበት ዋጋ ነው፤ ሰው ሁሉ በሌሊት ቢፈጭ ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል፥ በሚመጣውም ዓመት መንደሩ እህሉን ተሸክሞ ሩቅ ይሄዳል። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጪውን ካልመለሰ፥ ሁለተኛው ሳይታተም በደራሲው ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

«አባቶቻችንም መጻሕፍትን ይገለብጡ ነበር» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ይገለብጡ ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ አንዱን ዳዊት ለመጨረስ ብዙ ወራት ይደክም ነበር፤ የሚያስጽፈውም ሰው የድካሙን ዋጋ ይከፍለው ነበር። በብዙ ብራናዎችም መጽሐፉን የሚሰርቀውንና የባለቤቱን ስም የሚፍቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ ይገኛል። አባቶቻችን እንግዲህ መጽሐፍ እንዲበዛ ይወዱ ነበር፤ የሠራ ሰው ያለ ዋጋ እንዲቀር፥ የባለቤትም ስም እንዲጠፋ ግን አይወዱም ነበር።

በቅኔ ቤት ደግሞ «ዘረፋ» የሚባል የከበረ ሥራ አለ። ተማሪው ቅኔ ዘረፈ ሲባል ከሰው ቀማ ማለት አይደለም፤ ከገዛ ልቡ አወጣ ማለት ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። በዋሸራና በጎንጅ ስሟ የገነነ ጎጃም ይህን ነውር ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ ለቅኔ ያወቅነውን ለመጽሐፍና ለዘፈን ማወቅ እንዴት ያቅተናል?

«ድኻ ነኝ፥ የምገዛበት የለኝም» የሚለው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ አናቃልለውም። ለገበሬ ልጅ የመጽሐፍ ዋጋ የብዙ ቀን ስንቅ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ የጠፋ መጽሐፍ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል። ሕጉም ይህን ሳያስብ አልቀረም። ሰው ከታተመ ሥራ ለራሱ ብቻ የሚሆን አንድ ቅጂ እንዲያደርግ፥ የባለመብቱን ጥቅም ያለ አግባብ እስካልጎዳ ድረስ፥ ይፈቅድለታል። የደራሲውን ስምና ምንጩን ገልጾ ጥቂት መጥቀስ ይቻላል። መምህርም ለማስተማር የሚያስፈልገውን ያህል በመጠኑ ማባዛት ይችላል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ከግል ቅጂው ፈቃድ ውጭ ነው። እንግዲህ ድኽነት ለራስ የሚሆን ጠባብ በር ተከፍቶለታል፤ ለ200 ሰው ማደል ወይም ገልብጦ መሸጥ ግን በዚህ በር አይገባም።

5ኛ፤ ቀና የሆነው መንገድ

አምስት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መጽሐፍ ገዝተው በተራ ቢያነቡ፥ ማንንም አልበደሉም። የገዛኸውን መጽሐፍ ለወዳጅህ ማዋስ ከማባዛት የተለየ ነው፤ አንድ መጽሐፍ አንድ ሆኖ ይኖራልና። የትምህርት ቤትና የከተማ ቤተ መጻሕፍት ስላሉ እነርሱን መጠቀምና መጽሐፍ መስጠት መልካም ነው። ዘፋኙ ራሱ በዩቲዩብ ያወጣውን ዘፈን ከዚያው ማድመጥ ድካሙን አይሰርቅም። መብታቸው ያለቀ አሮጌ ሥራዎችና ባለቤቶቻቸው በፈቃዳቸው በነጻ የሰጧቸው መጻሕፍትም ብዙ ናቸው። ባለሱቁም ቢሆን ፈቃድ ያለውን ሥራ ቢሸጥ እንጀራው ይቀደሳል።

አንባቢ ሆይ፥ ደብዳቤ የሚፈራ ሰው ደብዳቤ በሌለበት ይሰርቃል፤ የባልንጀራውን ድካም የሚያከብር ሰው ግን በዋሽንግተንም በቡሬም አንድ ነው። የገበሬ ልጅ ሆነህ የአባትህ በርበሬ በሌሊት ቢለቀም ምን እንደሚሰማህ ታውቃለህ። የደራሲም ማሳ ወረቀቱ ነው፤ የዘፋኝም ማሳ ድምፁ ነው። ዛሬ በእጅህ ያለውን ስልክ ክፈትና ከመላክህ በፊት «ይህ የማን ድካም ነው? ፈቅዷልን?» ብለህ ጠይቅ። ይህን ጥያቄ ከራስህ የምትቀበል ከሆንህ፥ ከኩባንያ ደብዳቤ እስኪመጣልህ አትጠብቅም።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ደብዳቤው ቤቱን እንጂ ሰውየውን አያመለክትም መባሉ ስለ ምንድር ነው? የቤቱ ጌታስ ከዚህ የተነሣ ምን ኃላፊነት አለበት?
2. መጽሐፍን በማዋስና በማባዛት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
3. የወፍጮ ቤቱ ምሳሌ «ምንም አልጎደለም» ለሚለው ሰው ምን ይመልስለታል?
4. በስልክህ ካሉት መጻሕፍትና ዘፈኖች ስንቶቹን ባለቤታቸው ቢያይ ሳታፍር ልታሳየው ትችላለህ?