የረገጥናቸውን ወረዳዎችና ብሔራዊ ፓርኮች እንዴት እንቁጠር?

አንድ ሰው «ስንት ወረዳ ረግጠሃል? ስንት ብሔራዊ ፓርክ አይተሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ በግምት ይመልሳል። ይህን ቆጠራ በደብተርና በካርታ ላይ እየመዘገቡ ዕድሜ ልካቸውን የሚይዙ ሰዎች ግን በዓለም ላይ አሉ። በአሜሪካ ከ3,100 የሚበልጡትን ካውንቲዎች በሙሉ ለመርገጥ የሚጥሩ ተጓዦች በ1973 (እ.ኤ.አ.) የራሳቸውን ክበብ መሥርተዋል። የብሔራዊ ፓርኮች ጎብኚዎችም ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቦታው ስምና ቀኑ ያለበትን ማኅተም በልዩ ደብተር ላይ ያስመታሉ። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም የሳይንስ ጥያቄ አለበት፤ ለመሆኑ የምንቆጥረው ምንድን ነው?

1. «ረገጥሁ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ የቦሩ ሜዳ ተማሪ ከደሴ አውቶቡስ ተሳፍሮ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ከሚሴ ተጓዘ እንበል። ኮምቦልቻ ወርዶ ሻይ ጠጣ፤ የቃሉ ወረዳዋን ሐርቡን በመስኮት ብቻ አያት፤ ከሚሴ አደረ። ማለፍ የሚበቃ ከሆነ ውጤቱ ቢያንስ ሦስት ነው። መውረድ ግዴታ ከሆነ ሁለት፣ ማደር ግዴታ ከሆነ ደግሞ አንድ ይሆናል። ጉዞው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት ልዩ ልዩ ውጤት ተገኘ። ስለዚህ ማንኛውም ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ደንቡ መጻፍ አለበት፤ መሐል ላይ ደንቡ ከተለወጠ የቀድሞውና የአሁኑ ቁጥር ሊነጻጸሩ አይችሉም።

2. ወሰን ይለወጣል

ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ቦታ ነው። አካባቢው በኋላ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው በደቡብ ወሎ ነው። ሜዳው ከቦታው አልተነሣም፤ የተለዋወጠው አስተዳደሩ ነው።

ለውጡ በዘመናችንም አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 9 የነበሩት ክልሎች ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረጉ ለውጦች 12 ሆነዋል። በ2010 ዓ.ም. ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክን የጎበኘ ሰው በደብተሩ «ደቡብ ክልል» ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ ፓርኩ ዛሬ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። በአሜሪካም የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የኮነቲከትን 8 ካውንቲዎች በ9 የፕላን ክልሎች ተክቷል። ስምንቱን ጨርሼ ነበር ያለ ተጓዥ ከቤቱ ሳይወጣ ቆጠራው ጎደለበት።

3. የመንገድ አድልዎ

በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚያልፈውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ቃሉን፣ ተሁለደሬንና አምባሰልን በአንድ ቀን ያልፋል። ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲና መቅደላ ግን ከዚህ ጎዳና የራቁ ናቸው። በፓርኮችም እንዲሁ ነው። የጅቡቲ መንገድ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ አንድ የደሴ ተማሪ አዋሽን በመስኮት አይቶ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበትን የገዛ ዞኑን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ሳያይ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ቆጠራ ከአገሩ ይልቅ አውቶቡሱ የሄደበትን መስመር ያሳያል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ይህን ችግር በሚገባ ያውቁታል፤ ናሙና በብዛት የሚሰበሰበው መንገድ ዳር በመሆኑ፣ አንድ ተክል በአንድ አካባቢ አልተመዘገበም ማለት የለም ማለት አይደለም።

መፍትሔው ምንድን ነው?

መፍትሔውንም ከእነዚሁ ተመራማሪዎች እናገኛለን። የመጨረሻው ቅጽ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተከታታይ መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ ተክል በየትኞቹ አካባቢዎች እንደተገኘ ይዘረዝራል። አከፋፈሉ በቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገር ላይ የተመሠረተ ሲሆን የወሎ ከፍተኛ ምድር ከእነዚህ አንዱ ነው። ክፍላተ ሀገሩ ከአስተዳደር ቢወጡም ሥራው አልፈረሰም፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ደረቅ ናሙና ላይ የተለጠፈው ወረቀት የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ይዟል። ወሰኑ ሲለወጥ ናሙናውን በአዲሱ ወሰን እንደገና መመደብ ይቻላል።

ለግል ቆጠራም ሕጉ ይኸው ነው። ድምሩ ከመዝገቡ ይወጣል እንጂ መዝገቡ ከድምሩ አይወጣም። «ደቡብ ወሎ፦ 5 ወረዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ወሰን በተለወጠ ቀን የሚያርመው ነገር የለውም። የመንደሩን ስም፣ ቀኑን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ቢቻል ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ እንዲሁም ያየውን አንድ ነገር የጻፈ ግን በየትኛውም ዘመን ካርታ ላይ እንደገና ሊቆጥር ይችላል።

መልመጃ፦ እስካሁን የሄዳችሁባቸውን ቦታዎች ከላይ በተጠቀሰው መንገድ መዝግቡ። ከዚያም በማለፍ፣ በመውረድና በማደር ደንብ ለየብቻ ቆጥራችሁ ሦስቱን ውጤቶች አነጻጽሩ። በመጨረሻም ባዶ የቀሩትን ወረዳዎች በካርታ ላይ አቅልሙና ከአውራ ጎዳናው ምን ያህል እንደሚርቁ ለኩ። ቀጣዩ ጉዟችሁ ወዴት መሆን እንዳለበት ካርታው ራሱ ይነግራችኋል።