ፀረ ተባይ መድኃኒት በዓሣ ጠባይ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

በአገራችን በአንዳንድ ወንዞች ዳር የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ማጥመድ የቆየ ልማድ ነው። ዓሣው ወዲያው አይሞትም። አስቀድሞ ይሰክራል፣ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከሰው እጅ መሸሽም ያቅተዋል። የሚያዘውም ጠባዩ ስለ ተለወጠ ነው።

በማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ መድኃኒትም ወደ ውሃ ሲገባ የዓሣን ጠባይ ይለውጣል። ሆኖም መጠኑ ጥቂት ሲሆን ለውጡ በዓይን አይታይም። ስለዚህ «የሞተ ዓሣ ስላላየን ውሃው ንጹሕ ነው» ማለት ስሕተት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዳቱን ምክንያት ማስረዳትና መደረግ የሚገባውን ማመልከት ነው።

2. መርዙ እንዴት ይሠራል?

ዲያዚኖን፣ ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ ኦርጋኖፎስፌት ከተባለው ወገን ናቸው። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ መልእክቱን የሚያቆም ኤንዛይም አለ። መድኃኒቱ ይህን ኤንዛይም ስለሚይዘው ነርቩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ተባዩም ይሞታል። ይኸው ኤንዛይም በዓሣ፣ በከብትና በሰው አካልም ስለሚገኝ ጉዳቱ በተባይ ብቻ አይወሰንም። ፓይረትሮይድ የተባሉት እንደ ሳይፐርሜትሪን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ለሰው ያላቸው አደጋ አነስ ቢልም ለዓሣ እጅግ አደገኞች ናቸው።

በተለይ የዓሣ የማሽተት ነርቭ በቀጥታ ከውሃው ጋር ስለሚገናኝ ቶሎ ይጎዳል። ዓሣ ምግቡንና ጠላቱን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ሽታ ነው።

3. ሁለት የምርምር ምሳሌዎች

ሀ/ ሳልሞን፦ ሳልሞን የተጎዳ ዓሣ ሽታ በውሃው ውስጥ ሲደርሰው ጠላት መኖሩን ያውቃል፤ እንቅስቃሴውንና መብላቱን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በአንድ ሊትር ውሃ 1 ማይክሮግራም ዲያዚኖን የነበረበት ሳልሞን መዋኘቱና ምግቡን አይቶ መያዙ አልተለወጠም። ለአደጋው ሽታ ግን እንደሚገባው አልተጠነቀቀም። መጠኑ 10 ማይክሮግራም ሲሆን ወደ ተወለደበት ውሃ መመለስም አዳገተው።

ለ/ የኮራል አለት ዓሣ፦ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በሞሪያ ደሴት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በአንድ የኮራል ዓሣ ጫጩት ላይ ያተኮረ ነበር። ይህ ጫጩት በሰፊው ባሕር ቆይቶ ወደ አለቱ ሲመጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ አካሉና የስሜት ሕዋሳቱ ይለወጣሉ። ለውጡን የሚመራው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ክሎርፓይሪፎስ ያለበት ውሃ ውስጥ የቆዩት ጫጩቶች ሆርሞናቸው ቀነሰ፣ የስሜት ሕዋሳታቸው በሚገባ አላደጉም፣ በአዳኝ ዓሦችም ይበልጥ ተበሉ።

በሁለቱም ምሳሌዎች መርዙ ዓሣውን በቀጥታ አልገደለውም፤ ለጠላቱ አሳልፎ የሚሰጠው ግን እርሱ ነው።

4. ይህ በእኛ ሐይቆች ምን ማለት ነው?

ሳልሞንም ሆነ የኮራል ዓሣ በሐይቆቻችን የሉም። ሆኖም የነርቭ አሠራሩ አንድ ስለሆነ ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል። ለምሳሌ ዝዋይ ሐይቅን እንመልከት። ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ነው፤ የመቂና የከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ በዙሪያው ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል።

በዚህ ሐይቅ የሚኖረው ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ወንዱ በሐይቁ ወለል ላይ ክብ ጎጆ ይጠርጋል። ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ በጠባይ የሚሠራ ሥራ ነው። ከማሳ የሚወርደው ውሃም በመጀመሪያ የሚደርሰው በዚሁ በዳርቻው ላይ ነው።

የመጠኑን ነገር በሒሳብ እንይ። በ60 በመቶ ዲያዚኖን 10 ሚሊ ሊትር ውስጥ 6 ግራም ያህል መርዝ አለ። ይህ 6,000 ሜትር ኩብ ውሃን በሊትር 1 ማይክሮግራም ያደርሳል፤ ማለትም 1 ሜትር ጥልቀት፣ 100 ሜትር ርዝመትና 60 ሜትር ስፋት ያለውን ውሃ። መርጫ ሲታጠብ የሚደፋው ትርፍ ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. ሊታዩ የሚገቡ ምልክቶች

- ዓሣ በክብ ሲዞር፣ በጎኑ ሲዋኝ፣ ያለ ምክንያት ሲዘል ወይም ሲንቀጠቀጥ፤
- ጥላ ሲያርፍበት ወይም ሰው ሲቀርበው ሳይሸሽ ሲቀር፤
- የውሃ ነፍሳት አብረው ሲሞቱ።

የዓሣ ሞት ሁሉ ከመርዝ ነው ማለት አይደለም። አየር ያነሰው ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ሊነጋጋ ሲል ሲሆን አስቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው። መርዝ ግን በማንኛውም ሰዓት ይገድላል፤ አስቀድመው የሚጎዱትም በአብዛኛው ትንንሾቹ ናቸው።

6. መደረግ የሚገባው

1ኛ/ የተመዘገበና ለሰብሉ የተፈቀደ መድኃኒት ብቻ መጠቀም። ይህ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 የተደነገገ ነው።
2ኛ/ ተባዩ መኖሩን በማሳው ውስጥ ሳያረጋግጡ አለመርጨት።
3ኛ/ ነፋስ ሲበረታ ወይም ዝናብ ሲያስገመግም አለመርጨት።
4ኛ/ በማሳና በውሃ መካከል ሣር የበቀለበት ያልተረጨ ቦታ መተው፤ ደንገሉንና ፊላውን አለመመንጠር።
5ኛ/ መርጫና ባዶ ዕቃ በወንዝ፣ በቦይ ወይም በሐይቅ አለማጠብ። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው በመርጫው ውስጥ ተጨምሮ በማሳው ላይ ይረጭ። ዕቃውም ተበስቶ ይወገድ።
6ኛ/ የአትክልት አምራቾችና የዓሣ አጥማጆች ማኅበራት የርጭት ቀን አስቀድመው ይነጋገሩ።
7ኛ/ ዓሣ ታሞ ወይም ሞቶ ሲገኝ ለምግብም ለሽያጭም አለማዋል፤ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ በአቅራቢያው ላለው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያው ማስታወቅ።

7. ማጠቃለያ

ብዙ ጊዜ ሽንኩርት የሚያመርተውና መረብ የሚጥለው ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴም አንድ ቤተሰብ ነው። በማሳው ያገኘውን በሐይቁ እንዳያጣ ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ ማየት ይኖርበታል። የልማት ሠራተኛውም የሞተ ዓሣ እስኪታይ ሳይጠብቅ ይህን ትምህርት ከርጭት ወቅት በፊት ለማኅበራቱ እንዲያካፍል ያስፈልጋል።

ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ መርጫ የሚታጠበው የት ነው? እጣቢውስ ወዴት ይፈሳል?