ያገለገለ ኤም3 ለዕለት ሥራ፦ ከመግዛትህ በፊትና ከገዛህ በኋላ

ባለ አራት በር ነው። ከኋላ ሁለት የልጅ መቀመጫ ይይዛል፣ ሻንጣው የሳምንት አስቤዛ ይውጣል። ከኮፈኑ ሥር ግን 414 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በደቂቃ እስከ 8,400 ዙር የሚዞር 4 ሊትር ቪ8 ሞተር ተቀምጧል። ከ2008 እስከ 2011 የተመረተው፣ ወዳጆቹ ኢ90 የሚሉት ባለ አራት በሩ ቢኤምደብሊው ኤም3 ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሳለ ከ50,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ማይሉ የገፋው ዛሬ ከዚያ ግማሽ በታች ይገኛል። የወረደው ግን የመኪናው ዋጋ ነው እንጂ የመለዋወጫው አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ሆኖ ይህን መኪና በየቀኑ ሊነዳው ላሰበ ሰው ነው።

1. ሁለት ሒሳብ ያዝ

የመግዣው ገንዘብ ሌላ፣ የጥገናው ሌላ ይሁን። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ 5,000 ዶላር ለብቻው ሳታስቀምጥ አትግዛ ነው። እጅህ ላይ 30,000 ካለ የ25,000 መኪና ፈልግ። ነዳጁንም ከአሁኑ አስላው። ከተማውና አውራ ጎዳናው ተደባልቆ በጋሎን የሚሄደው 16 ማይል ገደማ ስለሆነ፣ በዓመት 12,000 ማይል ብትነዳ 750 ጋሎን ይፈጃል። በጋሎን 30 ማይል ለምትሄድ የቤተሰብ መኪና 400 ጋሎን ይበቃታል። ያውም የሚጠጣው ፕሪሚየም ነው፤ ከ91 በታች አትስጠው። ኢንሹራንስህን ቪን ቁጥሩን ሰጥተህ አስቀድመህ አስተምን። ቨርጂኒያ ከሆንክ ካውንቲው በመኪናው ዋጋ ልክ በየዓመቱ የሚልከው ታክስም አለ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለራስህ አቅርብ፦ ከቤት እስከ ሥራ ስንት ደቂቃ ነው? አሥር ከሆነ ይህን መኪና ተወው። ዘይቱ ሳይሞቅ ትደርሳለህ፣ ሳይሞቅ ታጠፋዋለህ፤ ለዚህ ሞተር ከዚህ የከፋ አነዳድ የለም።

2. ምረጥ

ካምቢዮው ሁለት ዓይነት ነው፦ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል፣ ወይም ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ሰባት ማርሽ አውቶማቲክ። በየጠዋቱ 495 ላይ የምትሰለፍ ከሆነ አውቶማቲኩ ይሻልሃል። እኔ ግራ እግሬ ቢደክምም ማንዋሉን እመርጣለሁ። ቀለሙና ቆዳው የአንተ ጉዳይ ነው። ባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ሳልቬጅ የሚል ካለ አትከራከር፣ እለፍ። ቪን ቁጥሩን የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ አስገባ፤ ነፃ ነው። ይህ መኪና በታካታ የአየር ከረጢት ጥሪ ውስጥ የተካተተ ስለሆነ ከረጢቱ መለወጡን አረጋግጥ፤ ካልተለወጠ አከፋፋዩ ያለ ክፍያ ይለውጥልሃል።

3. የብሮንዚኑን ወረቀት አንብብ

ሌላውን ሁሉ ብትዘለው ይህን አትዝለል።

ኤስ65 የሚባለው ይህ ሞተር፣ በዘመኑ ኤም5 ላይ ከነበረው ቪ10 ሁለት ሲሊንደር ተቀንሶ የተሠራ ነው። ብሎኩ የተቀለጠው የኩባንያው የፎርሙላ ዋን ሞተር ብሎክ ይሠራበት በነበረው የላንድስሁት ማቅለጫ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ድካሙ ያለው ግን የቢየላው ብሮንዚን ላይ ነው። ፒስቶኑን የያዘው ቢየላ ክራንክ ሻፍቱን በሚያቅፍበት ቦታ፣ ከላይና ከታች ግማሽ ክብ ሆነው የሚገቡ ስስ ብረቶች አሉ፤ ለስምንት ቢየላ አሥራ ስድስት ቁራጭ መሆኑ ነው። ብሮንዚኑና ክራንክ ሻፍቱ እንዳይነካኩ የሚያደርገው በመሐላቸው የሚያልፈው ዘይት ብቻ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ለዘይቱ የተተወው ክፍተት ጠባብ ነው፣ የታዘዘለት ዘይት ደግሞ 10ደብልዩ60 የሚባለው ወፍራሙ ነው። ብሮንዚኑ ያለ ዕድሜው ለመበላቱ በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት ይህ ነው፤ በተለይ ቀዝቃዛ ሞተር ሲረገጥ።

ክፋቱ ቀድሞ አለመናገሩ ነው። መብራት አይበራም፣ ጉልበት አይቀንስም። ከሥር ኳ ኳ የሚል፣ ዙሩ ሲጨምር አብሮ የሚፈጥን ድምፅ መስማት ከጀመርክ ብሮንዚን መለወጥ አይበቃም፤ ክራንክ ሻፍቱ ተፍቋል፣ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ሙሉ ሞተር ነው፣ ሒሳቡም ከመኪናው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። በጊዜው ማስለወጥ ግን በግል ጋራዥ ከ2,500 እስከ 4,000 ዶላር ገደማ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እንግዲህ ሻጩ "ብሮንዚኑ ተለውጧል" ይልሃል። አመስግነህ ደረሰኙን ጠይቅ። ደረሰኙ ሲመጣ ርዕሱን ተወውና ዝርዝሩን አንብብ። አንድ ሻጭ ባሳየኝ ወረቀት ላይ ከላይ በትልቁ "የሞተር የታችኛው ክፍል ሥራ" ይላል። ከሥሩ የተዘረዘረው ግን የኮፓ ጉርኒሲዮን፣ ዘይትና ፊልትሮ ብቻ ነበር። ኮፓው ወርዶ ተመልሷል፣ ብሮንዚኑን የነካው የለም። በእነዚያ ሁለት ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ትክክለኛ ደረሰኝ የሚከተሉትን ይይዛል፦

- ቀን፣ ማይልና ቪን ቁጥር። ማይሉ ከመኪናው የታሪክ ሪፖርት ጋር መግጠም አለበት።
- የብሮንዚኑ መለያ ቁጥርና ብዛት፤ ለስምንቱም ቢየላ።
- አሥራ ስድስት አዲስ የቢየላ ብሎን። ይህ ብሎን ሲጠብቅ ስለሚሳብ ለሁለተኛ ጊዜ አይታሰርም። ብሎኑ ደረሰኙ ላይ ከሌለ ጋራዡ ደውለህ ጠይቅ፤ አሮጌውን መልሰው ካሰሩት እንዳልተሠራ ቁጠረው።
- የወጡት አሮጌ ብሮንዚኖች ፎቶ። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በሲሊንደር ቁጥር ደርድሮ ያነሣቸዋል። በቀደሙት ዓመታት ሞተሮች ላይ ግራጫው ገጽ ተልጦ የመዳብ ቀለም ብቅ ካለ ተበልቷል ማለት ነው። ከሁሉ በፊት የላይኞቹን እያቸው፤ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚበሉት እነሱ ናቸው።

"የዘይት ምርመራ አለኝ" የሚልም ያጋጥምሃል። ዘይት ላብራቶሪ ልኮ እርሳስና መዳብ መለካት ጥሩ ልማድ ነው፣ ነገር ግን ብቻውን አያድንም። የኋለኞቹ ዓመታት ብሮንዚኖች እርሳስ የለባቸውም፤ ስለዚህ "እርሳስ ዜሮ" የሚል ውጤት እነሱ ላይ ምንም አይነግርህም።

ያልተለወጠለትን መኪና ግን አትሽሸው። "አልለወጥኩትም" ብሎ በግልጽ የሚነግርህ ሻጭ "ለውጬዋለሁ፣ ወረቀቱ ጠፋብኝ" ከሚለው ይሻላል። የሁለቱንም ያልተለወጠ አድርገህ ያዝ፣ የሥራውን ዋጋ ከመግዣው ላይ አስቀንስ፣ ከገዛህም በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት አታሳድረው። ጋራዥ ስትመርጥ "ስንት ኤስ65 ሠርታችኋል?" ብለህ ጠይቅ። ሞተሩ ከላይ ተንጠልጥሎ የፊት ተሸካሚው ብረት ወርዶ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሲያልቅም የጎማ አላይመንት ይከተለዋል። ይህን ሳትጠይቀው የሚነግርህ ጋራዥ ያውቀዋል።

4. ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ድረስ

ሻጩን "እስክመጣ እንዳታስነሣው" በለው። ስትደርስ ከሰላምታው በኋላ ኮፈኑ ላይ እጅህን አሳርፍ፤ ሞቆ ካገኘኸው ምክንያቱን ጠይቅ። መኪናው ሲነሣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት መብራቱንና መጥፋቱን ተመልከት፤ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉን ያጠፋ ሰው አለ። ከዚያ ሂድ፣ ቁም፣ ታጠፍ፣ ከሞቀ በኋላ አንድ ጊዜ አጥብቀህ ርገጠው።

እግረ መንገድህን ስለ ስሮትል አክቹዌተር ጠይቅ። ለስምንቱ ሲሊንደሮች ስምንት የአየር ክዳን አለ፤ እነሱን የሚከፍቱት ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ውስጣቸው የፕላስቲክ ጥርስ ስላለ በጊዜ ብዛት ያልቃል። ሲያልቅ መብራት ይበራና መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል። ሞተሩን አይጎዳም፣ አውራ ጎዳና መሐል ግን ያሳፍርሃል። ካልተለወጡ ከዚያ 5,000 ላይ የተወሰነው የነሱ ነው።

5. ሊፍት ላይ አውጣው

የሻጩ ወዳጅ ባልሆነ የቢኤም መካኒክ ዘንድ አስፈትሽ። ጥቂት መቶ ዶላር ነው። "ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ገዢ መጥቷል" የሚል ሻጭ ካለ፣ ሌላው ገዢ ይውሰደው።

6. የመጀመሪያው ሳምንት

ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፤ ታሪኩ ምንም ይበል ለውጣቸው። ዘይቱ 8.8 ሊትር ነው፣ 10ደብልዩ60 ብቻ። ኮምፒውተሩ እስከ 15,000 ማይል ጠብቅ ሊልህ ይችላል፤ አትስማው። እኔ በየ5,000ው እለውጣለሁ። የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ መጠኑን የሚያሳይህ ስክሪኑ ነው፣ እሱም ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ። አንድ ሊትር ዘይት ሻንጣ ውስጥ ይኑርህ።

7. በየቀኑ

አስነሣ፣ ቀበቶህን እስክታስር ጠብቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ውጣ። ቆሞ ማሞቅ አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ መንዳት ነው የሚያሞቀው። የዙር መቁጠሪያው ሥር የዘይት ሙቀት መለኪያ አለ፤ ዓይንህ እሱ ላይ ይሁን። መርፌው ከ180 ፋራናይት እስኪያልፍ ከ3,000 ዙር በላይ አትውጣ። በዙር መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ ያሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶችም ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ እየለቀቁልህ ይሄዳሉ፤ ያኔ ነፃ ነህ። የሙቀቱን ነገር ለሌላ ለሚነዳው ሰውም ንገር፤ ወንድምህ "ልሞክራት" ሲል መጀመሪያ የምታሳየው መርፌውን ይሁን።

8. ጎማና ክረምት

የ19 ኢንች ቸርኬ ካለው ከፊት 245/35፣ ከኋላ 265/35 ነው። የፊትና የኋላው ስፋት ስለሚለያይ ጎማ ቦታ እየቀያየርክ ዕድሜ አትጨምርም፤ የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። ለዕለት ሥራ የ18 ኢንቹን ቸርኬ እመርጣለሁ፤ ጎድጓዳ መንገድ ይታገሳል፣ ለበረዶ ጎማም ይመቻል። የሚገፋው በኋላ እግሩ ነውና በበጋ ጎማ በረዶ ላይ አትውጣ። እስኮርታም የለውም፤ ከሻንጣው ሥር የምታገኘው የሚነፋ መጭመቂያና ማሸጊያ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ የሚያበቃበትን ቀን እየው።

9. መንገዱንና ሕጉን እወቅ

ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል መብለጥ፣ ወይም የትም ቦታ በሰዓት ከ85 ማይል ማለፍ ተራ ቅጣት አይደለም፤ ሬክለስ ድራይቪንግ ይባላል፣ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ይህ መኪና ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሳለህ እዚያ ያደርስሃል፤ ፍጥነቱም አይታወቅህም። የዜግነት ወረቀት የምትጠብቅ ወይም በሹፌርነት የምትኖር ከሆነ፣ ጠበቃ ሳታማክር "አጥፍቻለሁ" ብለህ እንዳትፈርም። ራዳር ጠቋሚ መሣሪያም እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነው፤ ዲሲም እንዲሁ።

8,400ውን ዙር ማየት ካማረህ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመወዳደሪያ ሜዳ አለ፤ ከፍለህ፣ አስተማሪ አጠገብህ ተቀምጦ ትነዳለህ። ከመሄድህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ፦ የፍሬን ዘይቱን አስለውጥ፣ ኢንሹራንስህ ሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት ይከፍል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። አብዛኛው አይከፍልም።