ቆይ፣ ገና አትደውል

ስልኩን አትደብቀው፤ ከኋላህ ቆሜ እያየሁት ነው። ዳትሰን 240 ዜድ፣ የ1972 ስሪት፣ ብርቱካንማ። «ሞተሯ ይነሳል፣ ትንሽ ዝገት አላት፣ 9 ሺህ ዶላር።» ልብህ ሄዷል፣ አንገትህ ያሳብቃል። እኔም ከስምንት ዓመት በፊት እንዲሁ ሆኛለሁ፤ ታች ጋራዥ ውስጥ ሸራ የለበሰችውን አረንጓዴ ታውቃት የለ? እንግዲያው ወንበሩን ጠጋ አድርግልኝ።

መጀመሪያ «ትንሽ ዝገት» የምትለዋን ቃል ሰርዛት። በዚህች መኪና ላይ ያለው የታየ ዝገትና ያልታየ ዝገት ነው። ያኔ ላሜራው ስስ ነበር፤ የዝገት መከላከያውም ለስሙ ያህል። ከባትሪው ሥር ያለውን ብረት አሲድ ይበላዋል፣ ወለሉ ምንጣፍ ለብሶ ይበሰብሳል፣ ከኋላ ጎማ ፊት ያለችው ጥግ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የምታልቀው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ አንዲት የተሰነጠቀች ጎሚኒ ለውሃ በር ከከፈተች የቀረውን ዝገቱ ራሱ ይጨርሰዋል። ሻጩ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቢቀባበት አንድ ሁለት ዓመት አምሮ ይታያል፤ አንተ ደግሞ የምትገዛው በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ሞተሩን አትፍራው። ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ ሁለት ካርቡራተር፣ አለቀ። ኮምፒውተር የለው፣ ምን የለው። ቢሞት አውርደህ ታድሰዋለህ፤ ገንዘብ ነው፣ ግን ልኩ የሚታወቅ ገንዘብ ነው። ኪስህን የሚያራግፈው ቦዲው ነው፣ ምክንያቱም እዚያ የምትገዛው የሰው ሰዓት ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ደህና ላሜራ ሠሪ በሰዓት ከ100 ዶላር በታች አይነካልህም። የበሰበሰውን መቁረጥ፣ መበየድ፣ መሞረድ፣ ማለስለስ፣ መቀባት፣ መልሶ መግጠም... ሙሉ እድሳት 1,000 ሰዓት ቢወስድ ማንም አይገረምም። አባዛው እስቲ። አዎ፣ 100 ሺህ። ዕቃውን ገና አልቆጠርንም። አዲስ እያለች፣ በ1970፣ እዚህ አገር የተሸጠችው በ3,526 ዶላር ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር ፓራውርቲዎቿን ኒኬል አስነክረህ ጎሚኒዎቿን ብትለውጥ ብዙም አይተርፍህም።

ጎሚኒ ስልህ አትሳቅ። የበር፣ የመስታወት፣ የኋላ ክዳን፣ የመብራት፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትንሽ ናት። የኔን ወጪ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ ሞተሩን የጻፍኩበት አንድ ገጽ ሲሆን «ልዩ ልዩ» ብዬ የጀመርኩት አራት ገጽ ሞላ። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ዘጋሁት። ዳሽቦርዱማ ፀሐይ ሰንጥቆታል። ያልተሰነጠቀ 240 ዜድ ዳሽቦርድ አለኝ የሚል ሰው ካገኘህ ዋጋውን ቁጭ ብለህ ስማ።

አውቃለሁ፣ አሁን የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1971ም በ1973ም ያሸነፈችው እሷ ናት ልትለኝ ነው። አሸንፋለች። ግን ከኋላዋ ፋብሪካ ነበር፣ ከኋላህ ያለሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ምን እንደደረሰበት ልንገርህ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኒሳን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አዲስ ዜድ አልነበረውም። ስለዚህ አሮጌዎቹን 240ዎች እየሰበሰበ፣ አሳድሶ፣ በራሱ መሸጫዎች በኩል አንዷን ወደ 25 ሺህ ዶላር ይሸጥ ጀመር። ሐሳቡ 200 ማውጣት ነበር፤ 40 እንኳ ሳይሞሉ ተወው። ለእድሳቱ የሚወጣው ከሚሸጥበት በለጠበት። መኪናዋን የፈጠራት፣ መለዋወጫው በእጁ ያለ፣ ባለሙያውን በጅምላ የሚያሠራ ድርጅት ያልቻለውን አንተ በቅዳሜና እሑድ ታተርፍበታለህ?

«በ2020 አንዷ 310 ሺህ ዶላር ተሸጣ የለ?» አትበለኝ። ተሸጣለች። እሷ ግን ብዙም ያልተነዳች፣ ብዙም ያልተነካካች ነበረች። ሰው ያን ሁሉ ብር የከፈለው ማንም ስላላደሳት ነው፣ አንተ ደግሞ የምታወራው ስለማደስ ነው።

ተው እያልኩህ አይደለም። እኔ ራሴ አልተውኩም፣ ዛሬም ብትጠይቀኝ አልተውም። ብሩን ግን ለድግስ እንደወጣ ቁጠረው፤ ከድግስ ማንም ትርፍ አይጠብቅም። እቁብህ በሚቀጥለው ወር ይወጣል አይደል? ሙሉውን መግዣው ላይ አትጨርሰው። 20 ሺህ ካለህ የ9 ሺህዋን ገዝተህ በ11 ሺህ አሳድሳለሁ አትበል፤ ሌላው ሰው ከስሮባት ጨርሶ የሚሸጣትን በ20 ሺህ ፈልግ። ቀለሟ ቢደበዝዝ፣ ወንበሯ ቢቀደድ፣ ሞተሯ ቢያስነጥስ ግድ የለህም። ወለሏ ጤነኛ ይሁን እንጂ።

ስትገዛትም አትበታትናት፤ እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። «አንዴ ከተከፈተ አይቀር» እያልኩ ፍሬን ልቀይር ገብቼ ካምቢዮ አወረድኩ፣ ካምቢዮ አውርጄ ወለሉን አየሁ፣ ወለሉን አይቼ ሁሉን ፈታሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዬ በካርቶን ተኛች። ፓራውርቲዎቹን የሰጠሁት ኒኬል ቤት አንዱን ቁራጭ ጣለብኝና «አልተቀበልንም» አለኝ፤ የፈታሁትን ሁሉ ፎቶ አንስቼ፣ ቆጥሬ፣ አስፈርሜ ብሰጥ ኖሮ የምመልስለት ነበረኝ። አንተ አንድ ነገር ሠርተህ ንዳት፤ ሌላውን ሠርተህ ንዳት። የሚነዳ መኪና ሰው አይሰለቸውም። ካርቶን ግን ይሰለቻል፤ ያልተጨረሱ ዜዶች በርካሽ የሚሸጡትም ለዚያ ነው።

የአንቲክ ሰሌዳውን ነገር ደግሞ ሰምተሃል መሰለኝ። ቨርጂኒያ 25 ዓመት ለሞላው ይሰጣል፣ ግን በሱ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም፤ ካምሪህን እንዳትሸጥ። ኢንሹራንሱንም አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ዋጋ አድርገው፤ ያለዚያ ብትጋጭ እንደማንኛውም የሃምሳ ዓመት መኪና ነው የሚተምኑልህ።

ባለቤትህ ታውቃለች? ... ይሄን ፊትህን አየሁት። ዛሬውኑ ንገራት፣ ስለ 9 ሺዋ ሳይሆን ስለ ጠቅላላው። የኔው ባል የሰማው የቀለሙ ደረሰኝ በፖስታ ሲመጣ ነው፤ ያን ሳምንት አላናገረኝም።

በል አሁን ደውልለት። ዋጋ አትጠይቅ፤ ከሥሯ ገብተን እንድናይ መኪናዋን በክሪክ ያነሳልን እንደሆነ ብቻ ጠይቀው። «አይ» ካለ ስልኩን ዝጋ። «እሺ» ካለ ነገ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ብሩን እዚሁ ትተን። ከፍሪጁ ላይም ማግኔት ንቀልልኝ፤ በጨርቅ ጠቅልለን ቦዲዋን እንዳብስበታለን፣ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ ነው። የልጆቹን ስዕል የያዘችውን አምጣት፣ እሷ ትጠነክራለች።